ከአንድ ቃል በላይ፦ የልቦለድን ገጸ ባሕርያትና ጭብጥ የመመርመሪያ መንገድ

«የመጽሐፉ ጭብጥ ፍቅር ነው።» «የዚህኛው ደግሞ ድህነት ነው።» ስለ ልቦለድ ጥያቄ ሲነሳ በክፍል ውስጥም ሆነ ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፍ ይዘው በቦሌ ካፌዎች በሚሰባሰቡ አንባቢዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ይኸው ነው። መልሱ ውሸት የለበትም፤ ብቻ መንገዱ ሳይጀመር ቆሟል። ስለ ፍቅር የተጻፈው ልቦለድ ስፍር ቁጥር የለውም። አንዱን ከሌላው የሚለየው ስለ ፍቅር ያለው ነገር ነው፤ ፍቅሩ ማንን ምን እንዳስከፈለ፣ ለምንስ እንዳስከፈለ።

ይህ መመሪያ ለተማሪ፣ ለመምህርና ለንባብ ክበብ አባል፣ እንዲሁም መጽሐፍ ሲዘጋ «ወደድኩት» ከማለት ያለፈ ነገር መናገር ለሚፈልግ አንባቢ ሁሉ ነው። መላው መመሪያ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ጭብጥ የሚገኘው ገጸ ባሕርዩ በሚመርጥበትና ለምርጫው ዋጋ በሚከፍልበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሰዎቹን ሳንመረምር ጭብጡን አናገኘውም።

ለትምህርት የምንጠቀምባቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንዱ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሌላው ለዚሁ መመሪያ የተጻፈ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ በቦሌ አራብሳ የሚፈጸም አጭር የፈጠራ ታሪክ ነው። አጭር በመሆኑ እያንዳንዱን ቃል እየነካን መሥራት እንችላለን።

መለማመጃ ታሪክ

መስከረም ነው። ጋሽ ቱፋ ከአራተኛ ፎቅ፣ በየደረጃው ቆም እያሉ ወረዱ። ከብሎኩ ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ንጣፍ ያልደረሳት ጥቁር አፈር አለች፤ ጋቢ ቢዘረጋባት ትሸፈናለች። ተንበረከኩና በጣታቸው ትልም አወጡ። ከኪሳቸው ሽምብራ እያወጡ አንድ በአንድ ጣሉበት።

ጥበቃው መጣ። «ጋሼ፣ እዚህ መዝራት ክልክል ነው። ኮሚቴው ተናግሯል።»

«መች ዘራሁ ልጄ፤ ለወፎቹ ነው» አሉት። ይህን እያሉም ሽምብራውን በአፈር ሸፈኑት።

ጥበቃው አየ። ከዚያም ዞር ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

ልጃቸው ጫልቱ በረንዳ ላይ ቆማለች፤ ለሥራ ለባብሳለች። «አባዬ፣ ሰው ምን ይላል» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ወርዳ አንድ ጆግ ውሃ አመጣችላቸው። ጋሽ ቱፋ ጆጉን ተቀብለው መረቋት፤ እስክትሄድም ጠበቁ። ከዚያ በውሃው እጃቸውን ታጠቡ።

ደረጃ 1፦ ሁለት ጊዜ ያንብቡ

የመጀመሪያው ንባብ ለታሪኩ ነው። ከአያት መገናኛ በባቡር ሲመላለሱም ሆነ አልጋ ላይ ሆነው ያንብቡ፤ ይሳቁ፣ ይዘኑ፣ በገጸ ባሕርያቱ ይናደዱ። በዚህ ንባብ አያስምሩ፣ አይተንትኑ። ያልተነካ አንባቢ የሚመረምረው ነገር የለውም።

ሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዞ ነው። ደብተርዎን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፦ ገጽ፣ ማን፣ ምን አደረገ ወይም ምን አለ፣ ምን ያስጠይቃል። አራተኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። በመለማመጃው ታሪክ ላይ ቢሠሩት፣ ከጋሽ ቱፋ ትይዩ «ለወፎቹ ነው ካሉ ለምን በአፈር ሸፈኑት?» ብለው ይጽፋሉ። ከጫልቱ ትይዩ «ልትናገር የነበረውን ለምን ተወችው?» ከጥበቃው ትይዩ ደግሞ «እያየ ለምን ሄደ?» በዚህ ደረጃ ለጥያቄዎቹ መልስ አይስጡ። መልስ ቀድሞ ከገባ ቀሪው ንባብ ለዚያ መልስ ማስረጃ መልቀም ብቻ ይሆናል።

እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለውን ወፍራም መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ሙሉውን ማንበብ ከከበደዎት፣ በሁለተኛው ዙር መጀመሪያውን፣ ትልቁ ውሳኔ የተወሰነበትን ምዕራፍና መጨረሻውን ይምረጡ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውንም ማዳመጥ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ገጸ ባሕርዩን ተርጉሞልናል። የመጽሐፉ ባላባት የፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ በጆሮዎ ውስጥ አስቂኝ ወይም አስፈሪ ሆኖ ከቀረ፣ ያ ከሐዲስ ቃላት የመጣ ነው ወይስ ከተራኪው ጉሮሮ? ወደ ገጹ ተመልሰው ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ታሪኩን በአምስት ዓረፍተ ነገር ያሳጥሩ

ዓረፍተ ነገሮቹን «ከዚያ» በሚል ቃል አያያይዟቸው፤ «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» በሚሉት ያያይዟቸው። «ከዚያ» ቅደም ተከተል ብቻ ይነግረናል፤ «ስለዚህ» ግን ምክንያት ያስፈልገዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዚህ መንገድ ቢያሳጥሩት እንዲህ ሊሆን ይችላል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ስለሚኮሩ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ አይመጥንም ብለው ይመልሳሉ። ስለዚህ የማግቢያ ዕድሜዋ እያለፈ ከቤት ትቀራለች። ነገር ግን ሊያስተምራት የተቀጠረው የድሃ ልጅ፣ የቤተ ክህነት ተማሪው በዛብህ፣ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ስለዚህ ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲሰጋ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷም ማንነቷን በመነኩሴ ልብስ ሸፍና ፍለጋ ትወጣለች። ነገር ግን የምታገኘው በመንገድ ላይ ቆስሎ ሊሞት ሲያጣጥር ነው።

እነዚህን አምስት መስመሮች ሲጽፉ አንድ ነገር ይገለጥልዎታል፤ የታሪኩ የመጀመሪያ ምክንያት የወጣቶቹ ፍቅር ሳይሆን የአባትየው ኩራት ነው። «ጭብጡ ፍቅር ነው» የሚለው መልስ ከዚህ ላይ መንገዳገድ ይጀምራል። ደረጃው አጭር ቢመስልም አይዝለሉት።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አምስት ምስክር ይጥሩ

ስለ አንድ ሰው ባሕርይ በልቦለድ ውስጥ የሚመሰክሩልን አምስት ናቸው፦

– የሚያደርገው፣
– የሚናገረው፣
– ሌሎች ስለሱ የሚሉት፣
– ተራኪው ስለሱ የሚለው፣
– ሊያደርገው ወይም ሊናገረው ሲችል የተወው።

አምስቱ ምስክሮች ሲስማሙ ገጸ ባሕርዩ ቀላል ነው። ሲጋጩ ግን ቆም ይበሉ፤ ደራሲው እዚያ ቦታ ላይ እየጠራዎት ነው።

ጋሽ ቱፋ «መች ዘራሁ» ይላሉ፤ እጃቸው ግን ይዘራል። ንግግርና ድርጊት ሲጣሉ ባብዛኛው ድርጊቱን ማመን ይሻላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን ንግግሩ ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ አለ። ሰውዬው ጥበቃውን ማታለል ፈልገው ነው? ቢሆን ኖሮ ዓይኑ እያየ አይሸፍኑትም ነበር። «ለወፎቹ ነው» የሚለው ቃል ለጥበቃው መውጫ በር የሚከፍት ይመስላል፤ ሕግ አስከባሪው ሳያፍር፣ ሽማግሌውም ሳይለምኑ እንዲለያዩ። ጥበቃውም ገብቶታልና ዞር ይላል።

አምስተኛው ምስክር፣ ማለትም የተተወው ነገር፣ ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ነው። ጫልቱ ያልተናገረችው ዓረፍተ ነገር ከተናገረችው ሁሉ ይበልጣል፤ እንዲያውም በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሐፍረቷን ውጣ ውሃ ይዛ ወረደች። ስለሷ የምንጽፈው ከዚህ መነሳት አለበት።

«ሌሎች ስለሱ የሚሉት» የሚለው ምስክር ደግሞ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ ዳምጤን አገሩ ሁሉ «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። የሰፈሩን ምስክርነት ብቻ ከወሰድን ጉዱ ካሳ የለየለት እብድ ነው። ንግግሩን ብናዳምጥ ግን በዘር መኩራራት ላይ የቆመው ሥርዓት እንደማይዘልቅ ከማንም ቀድሞ ያየ ሰው ነው። ታዲያ ምርመራው መዞር አለበት፤ «ጉዱ ካሳ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «እውነት የሚናገረውን ሰው እብድ የሚል ኅብረተሰብ ምን ዓይነት ነው?» የሚለውም ይነሳል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልቦለድ ትምህርቱ ገጸ ባሕርያትን በአንድ ጠባይ የሚጠቃለሉና ብዙ ገጽታ ያላቸው ብሎ ለይቷቸዋል። ለሁለተኛው ዓይነት ያስቀመጠው መመዘኛ ዛሬም ይሠራል፦ እያሳመነን ሊያስደንቀን ይችላል ወይ? በዚህ መመዘኛ የእኛ ጥበቃ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ የተሰጠው ሰው፣ ያልፋል። «ክልክል ነው» ባለበት አፉ ዝም ብሎ መሄዱ ያስደንቃል፤ ግን እናምነዋለን። ንዑስ ገጸ ባሕርያትን ለመዝለል አይቸኩሉ።

ደረጃ 4፦ ፍላጎት፣ እንቅፋት፣ ምርጫ፣ ዋጋ

የመመሪያው እምብርት ይህ ደረጃ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያውሉ። ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ አራት መስመር ይጻፉ። ምን ይፈልጋል? ምን ይከለክለዋል? ምን መረጠ? ምን ከፈለ?

በዛብህን እንውሰድ። ፍላጎቱ ሰብለ ወንጌል ናት። እንቅፋቱ ግን አንድ ብቻ አይደለም። የፊታውራሪው ኩራትና የራሱ ድህነት ከውጭ ይከለክሉታል። ከውስጥ ደግሞ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር አገልግሎት የተሳሉት ልጅ መሆኑ አለ፤ ስለቱን ማፍረስ ያስፈራዋል። ምርጫው መሸሽ ነው። ዋጋው ሕይወቱ።

ሰብለ ወንጌልን በተመሳሳይ መንገድ ስናይ ልዩነቱ ይወጣል። የሷም ፍላጎት እሱ ነው፤ እንቅፋቷ አባቷና የመኳንንት ልጅ የመሆን አጥር ነው። ምርጫዋ ግን መሸሽ ሳይሆን መፈለግ ነው፤ በመነኩሴ ልብስ የማታውቀውን አገር ማቋረጥ። ዋጋዋ ስሟ፣ ቤቷ፣ በመጨረሻም ዓለሙ ሁሉ ነው። ሁለቱን ገበታዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ «ሁለት ፍቅረኞች» የሚለው ጥቅል ስም ይፈታል፤ አንዱ ፈርቶ የሄደ፣ አንዷ ደፍራ የወጣች ሰዎች ሆነው ይታያሉ።

ፊታውራሪ መሸሻም የራሳቸው ገበታ ይገባቸዋል። ክፉ ሰው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን ምን ይፈልጋሉ? የአባቶቻቸው ክብር ሳይጎድል እንዲቀጥል። ምን ይከለክላቸዋል? የሚለወጥ ዘመንና በአበጀ በለው እየተመራ እምቢ ያለ ገበሬ። ምን መረጡ? ከመታረቅ መዋጋትን። ምን ከፈሉ? ሊያስከብሩት የፈለጉትን ክብር ራሱን፤ በንቀት ባዩት ባላገር እጅ ተማረኩ። ክፉ የምንለውን ሰው ፍላጎት በፍትሕ ካልጻፍነው ጭብጡ ከእጃችን ያመልጣል፤ ልቦለዱ ስለ ሥርዓት የሚናገረው በእሱ በኩል ነውና።

አሁን እርስዎ የጫልቱን አራት መስመሮች ይሙሉ። ምን ትፈልጋለች? በጎረቤት ፊት አለማፈር ብቻ ነው ወይስ አባቷ ደስ እንዲላቸውም? ሁለቱ ፍላጎቶች ሲጋጩ የትኛውን መረጠች?

ደረጃ 5፦ መቼቱን እንደ ማስረጃ ይጠይቁት

ጊዜና ቦታ የልቦለድ ጌጥ አይደሉም። ሰዎቹ የሚችሉትንና የማይችሉትን ይወስናሉ። በጎጃም የባላባት ሥርዓት ውስጥ ያለችውን ሰብለ ወንጌልን ዛሬ ሲኤምሲ ውስጥ ብናስቀምጣት ታሪኩ በሦስተኛው ገጽ ያልቃል። «ይህ ታሪክ ሌላ ቦታና ሌላ ጊዜ ቢፈጸም ምን ይፈርሳል?» ብለው ይጠይቁ። የሚፈርሰው ነገር የመቼቱ ሥራ ነው።

መለማመጃው ታሪክ ያለ ቦታው እውቀት ግማሹ ይዘጋል። ሽምብራ ከባዱ ክረምት ሲወጣ በጥቁር አፈር ላይ ይዘራል፤ የሚያድገውም አፈሩ ከክረምቱ ባስቀረው እርጥበት ነው። ውሃ አያሻውም። ይህን የሚያውቅ አንባቢ የጆጉ ውሃ ሲመጣ ይነቃል። ጋሽ ቱፋ የመስከረምን አፈር ያውቃሉ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖረው ልጃቸው አታውቅም። አባትየው ግን አላረሟትም፤ መረቋት፣ እስክትሄድ ጠበቁ፣ ከዚያ በውሃው ታጠቡበት። ፍቅር ተላልፏል፤ እውቀት ግን በመንገድ ቀርቷል።

ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ ቡልቡላ ያለው ምድር ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ጤፍና ሽምብራ የሚታረስበት ሜዳ ነበር። ዛሬ ብሎክ ቁጥር የተጻፈባቸው ሕንፃዎች ቆመውበታል። በዚህ አካባቢ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያጋጥመው ከሌላው አንባቢ የሚበልጥበት እውቀት አለው፤ ይጠቀምበት። የሰፈሩን ሽማግሌዎች «እዚህ ምን ይዘራ ነበር?» ብሎ መጠየቅም የሥነ ጽሑፍ ጥናት አካል ነው።

በሌሎች ሥራዎችም እንዲሁ ያድርጉ። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በመሥሪያ ቤት እንጀራና በሥዕል ምኞት መካከል የሚዋልለውን አበራ ወርቁን ያስቀመጠው ለተማረው ወጣት ቢሮ ትልቁ ማዕረግ በሆነበት የንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ነው። «ኦሮማይ» ደግሞ ጋዜጠኛውን ፀጋዬን የወሰደው በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ ተከፈተባት አስመራ ነው። ዘመቻውን ሳያውቁ የፀጋዬን ጭንቀት መመዘን አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ጉዳዩን ወደ ዓረፍተ ነገር ያሳድጉ

አሁን ጭብጥ ለመጻፍ ደርሰናል። አንድ ቃል፣ «ፍቅር»፣ «ኩራት»፣ «ስደት»፣ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ግን ሥራው ስለዚያ ጉዳይ የሚለው ነው፤ ስለዚህ ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ጉዳዩ፣ በጉዳዩ ላይ የተያዘው አቋም፣ አቋሙ እውነት የሚሆንበት ሁኔታ።

ደካማ፦ ጭብጡ ፍቅር ነው።

የተሻለ፦ ፍቅር መከራ ያመጣል።

ጠንካራ፦ ሰውን በዘሩ የሚመዝን ሥርዓት ባለበት አገር፣ ፍቅረኞች ራሳቸው ንጹሕ ቢሆኑም ፍቅራቸው ከሥርዓቱ ጋር ጦርነት ይሆናል፤ ጦርነቱም የሥርዓቱን ባለቤቶች ጭምር ያጠፋል።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በፊታውራሪ መሸሻ ገበታ ላይ የጻፍነውንም፣ የጉዱ ካሳን ትንቢትም፣ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መጨረሻም በአንድነት ይሸከማል።

ከጻፉ በኋላ በሦስት ነገር ይፈትኑት። መጀመሪያ፣ ከመነሻው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንድ አንድ ማስረጃ ያግኙለት። ሁለተኛ፣ የሚቃወመውን ማስረጃ ራስዎ ፈልገው ያምጡ፤ ካላስተናገደው ዓረፍተ ነገሩን ያስተካክሉ። ሦስተኛ፣ «ይህ ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሃያ መጽሐፍ ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። የሚሆን ከሆነ ገና አልጠበበም። ምክር ሆኖ ከተገኘም፣ ለምሳሌ «ወላጆች ልጆቻቸውን መስማት አለባቸው» ከሆነ፣ ይተዉት። ልቦለድ ይህን ለማለት ያን ሁሉ ገጽ አይፈጅም።

ደረጃ 7፦ «አንድም» ይበሉ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ ከተረጎመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ያስከትላል፤ ደግሞም «አንድም»። ተማሪው አንዱ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ሊሸከም እንደሚችል እየሰማ ያድጋል። ይህ የአንድምታ ባህል ለዘመናዊ ልቦለድ አንባቢም የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። አንድ ትርጓሜ ላይ ሲደርሱ እዚያው አይቀመጡ፤ ሁለተኛ ይፈልጉ።

የጋሽ ቱፋን እጅ መታጠብ እንየው። ያልተፈለገ ስጦታ ሳይባክን፣ ሰጪዋም ሳታፍር ጥቅም ላይ ዋለ፤ የአባት ርኅራኄ ነው። አንድም፣ እጅ የሚታጠበው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ሽማግሌው ከመሬት ጋር የነበራቸውን ሥራ እየዘጉ ነው። አንድም፣ አፈሩን ከእጃቸው ያጠቡት የአፈር እጅ ይዘው ወደ አራተኛ ፎቅ መውጣት ስለማይችሉ ነው፤ ቤቱ የልጅቱ ዓለም ነውና።

ሁለት ነገር ግን ይጠብቁ። እያንዳንዱ «አንድም» በገጹ ላይ ባለ ቃል መደገፍ አለበት። ውሃው የጥምቀት ምሳሌ ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከታሪኩ ውስጥ ምን ይደግፈዋል ብለው ይጠይቁት፤ ደጋፊ ከሌለው ትርጓሜው የአንባቢው እንጂ የታሪኩ አይደለም። ሌላው፣ ትርጓሜዎቹን ከደረደሩ በኋላ ይመዝኗቸው። ብዙውን ማስረጃ የሚሸከመው የትኛው ነው? «ሁሉም ትክክል ነው» ማለት ምርመራን መሸሽ ነው።

ደረጃ 8፦ ደራሲውን ከገጸ ባሕርዩ ይለዩ

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህ የሚያንገበግብ ታሪክ ነው፤ መታወቅም አለበት። ነገር ግን በዓሉም ጋዜጠኛ፣ ፀጋዬም ጋዜጠኛ፣ ስለዚህ ፀጋዬ ማለት በዓሉ ነው ብሎ መደምደም ገጸ ባሕርዩን ይገድለዋል። ፀጋዬ የተጻፈ ሰው ነው፤ የሚያደርገው ሁሉ በደራሲው የተመረጠ ነው፤ ደራሲው ከእሱ በላይ ቆሞ እንድንታዘበው፣ አንዳንዴም እንድንፈርድበት ሊፈልግ ይችላል።

የደራሲው ሕይወት ጥያቄ ለማንሳት ይጠቅማል፤ መልስ ለመስጠት ግን አይበቃም። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት አድገዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ጣሊያን ተግዘዋል፤ ከነጻነት በኋላ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነዋል። ይህን ማወቅ «የቤተ ክህነቱን ትምህርት ዓለም እንዲህ አጥርተው ያዩት ከየት ነው?» የሚለውን ይመልሳል። «በዛብህ ለምን ሸሸ?» ለሚለው ግን መልሱ ከመጽሐፉ መምጣት አለበት።

ደረጃ 9፦ አንዱን ሥራ በሌላ ሥራ ያብሩት

ንጽጽር ጭብጥን ያጠራል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። በዚያም ጦቢያ ወንድ መስላ ተሸፍና የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሸፍና ትወጣለች። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ሽፋን፣ ሁለት ፍለጋ።

መጨረሻቸው ግን ይለያያል። የጦቢያ መንገድ በሠርግና በእርቅ ይዘጋል፤ የሰብለ ወንጌል በመቃብር። አሁን «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። በአንደኛው ልቦለድ እምነትና በጎነት ነገሥታትን ሳይቀር ይለውጣሉ፤ በሁለተኛው የግለሰብ በጎነት የቆመን ሥርዓት አይገፋም። ከዚህ ልዩነት ብቻ አንድ ሙሉ ድርሰት ይወጣል። ንጽጽር ሲመርጡ አንድ የጋራ ነገርና አንድ ግልጽ ልዩነት ያላቸውን ይያዙ፤ ሁሉም ነገር የሚለያይባቸውን አይምረጡ።

ደረጃ 10፦ ይጻፉት፣ ከዚያም ለሰው ያቅርቡት

አንድ የትንታኔ አንቀጽ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ሐሳቡን ይናገራል፣ ማስረጃውን ያቀርባል፣ ማስረጃው ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍ ያስረዳል። ብዙ ተማሪ ሁለተኛውን ጽፎ ሦስተኛውን ይተዋል፤ ታሪኩን መልሶ ይተርካል። መምህሩ ግን ታሪኩን ያውቀዋል። ምሳሌ እነሆ፦

«ጫልቱ አባቷን የምትወደው በማታውቀው ቋንቋ ነው። ለሽምብራው ውሃ ይዛ መምጣቷ መልካም ፈቃዷን ያሳያል፤ ሽምብራ በመስከረም በአፈሩ እርጥበት ብቻ እንደሚበቅል አለማወቋን ግን ያጋልጣል። ጋሽ ቱፋ ሳያርሟት መርቀው መሸኘታቸውና ከሄደች በኋላ በውሃው መታጠባቸው፣ በአባትና በልጅ መካከል ፍቅሩ ሳይቋረጥ የእርሻው እውቀት ብቻ እንደተቋረጠ ያመለክታል።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ሁለተኛው ማስረጃና ፍቺ፣ ሦስተኛው ሌላ ማስረጃና መደምደሚያ ነው። «በጣም ደስ ይላል» ወይም «ደራሲው ድንቅ ነው» የሚል አንድም ቃል የለም፤ አድናቆቱ በጥንቃቄው ውስጥ አለ።

ጽሑፍዎን ለሌላ አንባቢ ያቅርቡ። ምሥራቁ የከተማው ክፍል ለዚህ ምቹ ነው፤ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን የሚሠለጥኑበት ነውና በገርጂ፣ በመገናኛም ሆነ በአያት ዙሪያ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያለው ሰው ማግኘት አይከብድም። አምስት ወይም ስድስት ሆነው ክበብ ቢመሠርቱ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ያከፋፍሉ። እያንዳንዱ የያዘውን ሰው የፍላጎት፣ የእንቅፋት፣ የምርጫና የዋጋ ገበታ ይዞ ይምጣ። ጠበቃ ሆኖ ያቅርበው፤ ሌሎቹ በገጽ ቁጥር ይሞግቱት። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ላይ አንድ የጭብጥ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የማይስማማ ሰው ካለ የራሱን «አንድም» ከነማስረጃው ከሥር ያስፍር። በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ካለ ቀድሞ ይናገር እንጂ ቀድሞ ስለተናገረ ብቻ ትክክል ነው አይባል፤ በገጹ ፊት ሁሉም አንባቢ እኩል ነው።

ጠለቅ ብለው መሄድ የሚፈልጉ ከሆነ የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ከአማርኛ ሥራዎች ተነስቶ ጽንሰ ሐሳቦቹን በአማርኛ ያስረዳልና ያግኙት።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ይህ ሁሉ ሥራ ፈተና ለማለፍ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻን ሳይጠሉ መመርመር የቻለ ሰው፣ የጥበቃውን ዝምታ ማንበብ የቻለ ሰው፣ በጎረቤቱም ላይ በአንድ ቃል አይፈርድም። በየብሎኩ የማይተዋወቅ ሰው ጎን ለጎን በሚኖርበት በዛሬው የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈር ይህ ችሎታ ያስፈልገናል። ዛሬ ማታ አንድ አጭር ልቦለድ ይምረጡ፤ ደብተሩን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፤ አራተኛውን ዓምድ በጥያቄ ይሙሉት።